ስሙን ተዪው፣ ጎጡን ፈልጊ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባለቤትሽ ስሚዝ ይባላል። አያቱ «እኛ አይሪሾች ነን» እያሉ ነው ያሳደጉት። የሥራ ባልደረባሽ ደግሞ «ስሚዝ የእንግሊዝ ስም ነው፣ የምን አይሪሽ» አለሽ። ልጅሽ የቤተሰቧን ስም አመጣጥ ጽፋ እንድታመጣ ትምህርት ቤት ታዛለች። ከየት እንጀምር ነው ጥያቄሽ።

ባልደረባሽ ግማሹን ልክ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። ሰውየው ግን አይሪሽ ሊሆን ይችላል። ሮበርት ማቲሰን የሚባል የመዝገብ ሹም በ1890 የተመዘገቡ ልደቶችን ይዞ የአየርላንድን ስሞች ቆጥሮ ነበር። መርፊ፣ ኬሊ፣ ሱሊቫን፣ ዋልሽ፣ ከዚያ አምስተኛው ስሚዝ ነው። ኦብራየን እንኳ ከስሚዝ ኋላ ነው የመጣው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ መዝገቦቹ እንደዚያ ስለሆኑ።)

እኔ ይሄን ጣጣ አልፌበታለሁ። የኔ ባል ኪንግ ነው የሚባለው። የምንኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁለት ነገር ይሉ ነበር። አንደኛ፣ «ከንጉሥ ዘር ነን»። ሁለተኛ፣ «ስማችንን ኤሊስ አይላንድ ላይ አንድ ሹም ቀየረው»። (ኤሊስ አይላንድ ድሮ ስደተኛ የሚገባበት የኒውዮርክ ደሴት ነው።) ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ያንን ለማወቅ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ ሦስት ወር ይብቃሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። ለባሌ ልደት የኪንግ ቤተሰብ አርማ ያለበት የእንጨት ጋሻ ገዛሁ። 85 ዶላር። አንበሳ ምናምን ያለበት። ሳሎን ሰቀልነው። በኋላ ሳነብ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሩ እንጂ ያንን ስም ለያዘ ሁሉ አይደለም። የእኛው ጋሻ የአንድ እንግሊዛዊ ኪንግ ነበር፣ ከባሌ ጋር ዝምድና የለውም። አሁንም ተሰቅሏል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ ስለሚሸፍን። አንቺ ግን እንዳትገዢ።

ሁለተኛው ስህተቴ በስሙ መጀመሬ ነው። «ኪንግ፣ አየርላንድ» ብዬ ስፈልግ የሰው መዓት መጣ። አንድ የማላውቀው ሰው የሠራው የዘር ዛፍ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገለበጥኩ። ስድስት ወር የሌላ ሰው ዘመዶች ስቆጥር ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአየርላንድ ስሞች ድሮ በአይሪሽ ቋንቋ ነበሩ። «ማክ» ማለት ልጅ፣ «ኦ» ማለት የልጅ ልጅ ነው። ኦብራየን ማለት የብራየን የልጅ ልጆች ማለት ነው። ብራየን ቦሩ የሚባለው ንጉሥ ነው፣ በ1014 ክሎንታርፍ ላይ የተገደለው። እኛ በየትውልዱ የአባትን ስም እንቀይራለን፣ እነሱ ግን ከ10ኛውና ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው አንዱ ላይ ቆሙ።

ደስ የሚልሽ ነገር ልጨምር። «ጊላ» የሚል ቃል አላቸው፣ አገልጋይ ማለት ነው። «ማክ ጊላ ዊራ» ማለት የማርያም አገልጋይ ልጅ። ዛሬ ጊልሞር የሚባሉት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ገብረ ማርያም ማለት አይደል? ፊትዝፓትሪክም ከቅዱስ ፓትሪክ አገልጋይ የመጣ ነው፣ ገብረ ፓትሪክ በይው። ይሄን ለባሌ ስነግረው የአጎቴን ስም አስታውሶ በጣም ሳቀ።

ከዚያ እንግሊዞች መጡና ስሙ ተበላሸ። አንዳንዱ እንደተሰማ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። አንዳንዱ ኦ እና ማክ ተቆረጡበት። አንዳንዱ ደግሞ ተተረጎመ። የአንቺ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ስሚዝ በእንግሊዝኛ አንጥረኛ ማለት ነው፣ በአይሪሽ ደግሞ አንጥረኛ «ጋወ» ነው። «ማክ ጋወን» ማለት የአንጥረኛው ልጅ። የካቫን አውራጃ ማክ ጋወኖች አብዛኞቹ ስሚዝ ሆኑ። ድንበር ተሻግሮ ሊትሪም ያሉት ማክጋወን እንደሆኑ ቀሩ። አንድ ስም፣ ሁለት ፊት። በእኛ አገር አንጥረኛን ጠይብ እያልን ስናንቋሽሽ እነሱ ዘንድ በጥንቱ ሕግ የተከበረ ባለሙያ ነበር። ልጅሽ ይሄን ትጻፍ፣ አስተማሪዋ ይወደዋል።

ሕግም ነበረበት። በ1465፣ በንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ዘመን፣ በደብሊን፣ በሚዝ፣ በላውዝና በኪልዴር በእንግሊዞች መሀል የሚኖር አይሪሽ ሁሉ የእንግሊዝ ስም እንዲይዝ ታወጀ። ከከተማ፣ ከቀለም፣ ከሙያ ወይም ከሹመት ይምረጥ ተባለ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ። አንጥረኛ፣ አናጢ። ወጥ ቤት፣ ጠጅ አሳላፊ። ሕጉ በቃል እንጂ በተግባር ብዙ አልሄደም ይባላል፣ ግን መንፈሱን ያሳይሻል። ካቫን ደግሞ የሚዝ ጎረቤት ናት።

ታዲያ የባለቤትሽ ስሚዝ ማክ ጋወን ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ። ካቫን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞችና ስኮትላንዶች ከሰፈሩባቸው አውራጃዎች አንዷ ናት። እውነተኛ እንግሊዛዊ ስሚዞችም እዚያው አሉ። ቤተሰቡ ካቶሊክ ከነበረ ወደ ማክ ጋወን ያደላል፣ ግን ማስረጃ አይደለም። ስሙ ብቻውን አይነግርሽም። የሚነግርሽ ቦታው ነው።

ወደ ኪንግ ልመለስ። የአማቴ አባት በ1960ዎቹ ሲሞቱ የአካባቢው ጋዜጣ ላይ የወጣ የሞት ዜና ነበር። የባሌ አክስት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣው ነበር። እዚያ ላይ «አባታቸው በሁለት ዓመታቸው ከኮነማራ፣ ጎልዌይ መጥተው ግሬስቪል የሰፈሩ» ይላል። (ኮነማራ የአየርላንድ ምዕራብ ጫፍ ነው።) ይህቺ አንድ መስመር ከሁለት ዓመት ፍለጋዬ ትበልጣለች።

ግሬስቪልን ፈለግኩ። በ1880 የሴንት ፖሉ ረዳት ጳጳስ ጆን አየርላንድ (ስማቸው ራሱ አየርላንድ ነው፣ ኪልኬኒ ነው የተወለዱት) ረሃብ ያጠቃቸውን የኮነማራ ቤተሰቦች ወደ ምዕራብ ሚኒሶታ አመጡ። ወደ 300 ሰው ገደማ። በመርከብ ቦስተን፣ ከዚያ በባቡር ግሬስቪል። ዓሣ አጥማጆችና ድንች ቆፋሪዎች ናቸው፣ ሰፊ የሣር ሜዳ ማረስ የት ያውቃሉ? የዚያ ዓመት ክረምት ደግሞ በጥቅምት ጀመረ፣ ሚኒሶታ ከማይረሳቸው ክረምቶች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ወደ ሴንት ፖል ወርደው ወንዝ ዳር ደሳሳ ጎጆ ሠሩ። ሰፈሩ «ኮነማራ ፓች» ተባለ። እኔ ከዚያ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነው የምኖረው፣ ሰባት ዓመት ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

የኤሊስ አይላንዱ ተረት እዚህ ላይ ሞተ። ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ነው። እነሱ በ1880 መጥተዋል፣ ያውም በቦስተን። ደግሞ እዚያ የነበሩ ሹሞች ስም አይቀይሩም፣ መርከቡ ሲነሳ የተጻፈውን ዝርዝር ነው የሚያረጋግጡት። ባለቤትሽ ቤትም ይሄ ወሬ ካለ አትመኚው።

አሁን ያ በሁለት ዓመቱ የመጣው ልጅ በ1878 አካባቢ ነው የተወለደው። አየርላንድ ልደት፣ ሞትና ጋብቻ ለሁሉም ሰው መመዝገብ የጀመረችው በ1864 ነው። መዝገቦቹ የመንግሥት ድረገጽ ላይ በነፃ አሉ፣ ከ100 ዓመት በላይ የሆናቸው ልደቶች ከነመዝገቡ ገጽ ፎቶ። ስፈልግ ግን ኪንግ የሚባል ልጅ የለም። ሳምንታት። ተስፋ ልቆርጥ ስል ባሌ «እናትየው ማን ነበሩ?» አለኝ። የልጅየው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የእናቱ ስም አለ፣ ፍላኸርቲ። በእናት ስም ስፈልግ ሕፃኑ ተገኘ። የአባት ስም ኮንሮይ ይላል!

ኪንግና ኮንሮይ አንድ ስም ናቸው። ሁለቱም «ማክ ኮንሪ» የሚባለው የኮነማራ ስም ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ሪ» በአይሪሽ ንጉሥ ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል አንዱ ጸሐፊ ኪንግ ብሎ ተረጎመው። ሌላው እንደሰማው ኮንሮይ አለ። ስሙ ውስጥ ያለው ግን አዳኝ ውሻ ነው፣ ለጀግና የሚሰጥ የክብር ስም። ባሌ ንጉሥ ሆኖ ተኝቶ ውሻ ሆኖ ነቃ። ለአማቴ ማን ደፍሮ ይነግራቸው ነበር!

የልደት መዝገቡ ሌላም ነገር ነበረው። የተወለደበትን ታውንላንድ። ታውንላንድ እንደኛ ጎጥ በይው። አየርላንድ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ አሉ። ጎጡን ካገኘሽ ሁሉም ነገር ይከፈታል። (የኛን አልጠራውም፣ ዘመዶቹ አሁንም እዚያው ናቸው።)

በጎጡ ስም የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራን ከፈትኩ። እነዚህም በነፃ ናቸው። የምንጅላቱ ወንድም እዚያው ቀርቷል። በ1901 ኪንግ፣ በ1911 በአይሪሽ ፊደል ማክ ኮንሪ። ያው ቤት፣ ያው ሚስት። ዕድሜው ደግሞ በ1901 56፣ በ1911 70። በአሥር ዓመት አሥራ አራት ዓመት አረጀ! መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለኝ። ምክንያቱ በ1909 የተጀመረው ጡረታ ነው፣ 70 ለሞላው ይከፈል ነበር። የልደት ወረቀት የሌለው ሁሉ ድንገት ሸመገለ። እንግዲህ ዕድሜ አለመመሳሰሉ አያስደንግጥሽ።

ከ1901 በፊት ያለው ቆጠራ የለም ማለት ይቻላል። የ1821 እስከ 1851 ያለው አብዛኛው በ1922 ሰኔ መጨረሻ በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ውስጥ መዛግብቱ የነበሩበት ፎር ኮርትስ የሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። የቀሩትን መንግሥት ራሱ አጠፋቸው፣ ከፊሉን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት አጥሮ። ምትኩ ግሪፊዝ ቫሉዌሽን የሚባል የግብር ግምት ነው፣ ከ1847 እስከ 1864 የወጣ። የቤቱን አባወራ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ግን ከነጎጡ። የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቦችም አሉ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 በነፃ ለቋቸዋል። ብዙዎቹ በላቲን ናቸው፣ የቄሱ እጅ ጽሑፍ ደግሞ የሐኪም ነው። ጄምስ ያኮቡስ፣ ኖራ ሆኖራ ተብለው ታገኛቸዋለሽ።

ላንቺ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ስሚዝ በጣም ብዙ ስለሆነ በስሚዝ አትፈልጊ። በሚስቶቹ ፈልጊ። በክርስትና መዝገብ የእናት ስም ከአባቷ ቤት ስም ጋር ነው የሚጻፈው፣ እንደኛው። ብርቅ ስም ያላት አንዲት አያት ካገኘሽ ከመቶ ስሚዝ ትበልጣለች። ጆን ግሬናም የሚባሉ የዘር ሐረግ አጥኚ ድረገጽ አላቸው። ሁለት ስም ስትሰጪው ሁለቱ አብረው የነበሩባቸውን አጥቢያዎች ያሳይሻል።

ባሕር ማዶ ከመሻገርሽ በፊት ግን አሜሪካ ያለውን ጨርሺ። የሞት ዜና፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ፣ የወንድም የእህቶቹም ጭምር። በቀጥታ የወረደው ሰው ወረቀት ላይ «አየርላንድ» ብቻ ይላል፣ ያላገባችው እህቱ ወረቀት ላይ ግን አውራጃውን ልታገኚ ትችያለሽ። የዲኤንኤ ምርመራም ረድቶኛል። የባሌ ውጤት ከኮነማራ ሰዎች ጋር ተዛመደ፣ ግን ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ነው የገባኝ። በዲኤንኤ ብቻ ብጀምር ኖሮ ስም ዝርዝር ብቻ ነበር የሚሆንብኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ሄድን። አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ነበር። ባሌ «ኪንግ ነኝ» አላቸው። «እዚህ ሁሉም ኪንግ ነው፣ የማን ነህ?» አሉት። እሳቸው ማርቲን ሾን ፓድሪግ ነው የሚባሉት። ማርቲን፣ የሾን ልጅ፣ የፓድሪግ የልጅ ልጅ። መንደሩ ሙሉ አንድ ስም ስለሆነ እርስ በርስ የሚጠራሩት በአባትና በአያት ነው። ባሌ ግራ ሲገባው እኔ ቀደምኩና የምንጅላቱን፣ የአባቱን፣ የወንድሙን ስም ቆጠርኩላቸው። እሳቸው እኔን ነው ዘመድ ያደረጉኝ፣ ሻይ የቀዱትም መጀመሪያ ለኔ ነው።

እስቲ የባለቤትሽን ቅድመ አያት ስም፣ በግምት የተወለዱበትን ዓመት፣ የሚስታቸውን የአባት ስምና የተጋቡበትን ከተማ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ አብረን እናየዋለን። የሚስታቸውን ስም ካላወቃችሁ መጀመሪያ አክስቶቹ ጋ ደውሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ካለ ብላችሁ ጠይቁ።