ስለ ካሴት ዘመን ጠይቁኝ

ሙዚቃ ቤት ቁጭ ብዬ ካሴት ስቀዳ ነው ያረጀሁት። የመጣላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «የሰባዎቹ ዘፈን» ሲባል የትኞቹ ሰባዎቹ ናቸው?
መልስ፦ ይቺ ስንቱን አጣልታለች! የፈረንጆቹ ሰባዎቹ በእኛ ከ1962 እስከ 1972 ገደማ ናቸው፤ የሸክላው ዲስክ ጊዜ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው። የእኛ ሰባዎቹ ግን የደርግና የካሴት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሸክላ ለምን ቀረ?
መልስ፦ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ከፈተ፣ በ1975 ከአገር ወጣ። ሌላው ሸክላ አሳታሚ ካይፋ ሬከርድስ ትንሽ ገፋበት። ሸክላ የሚታተመው ውጭ አገር ነበር፤ ካሴት ግን ሁለት ቴፕ ካለህ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ይባዛል። በዚህ ላይ ሸክላው በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን ሲይዝ፣ ካሴት በአንድ ፊት ሠላሳ ደቂቃ ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ ሲዲ ሲመጣ ካሴት ወዲያው ጠፋ?
መልስ፦ የት ይጠፋል! ሲዲው ታክሲ ውስጥ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይዘላል። ሾፌሩ ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠነ ዓመታት ነዳ። ሲዲ ሲወጣም «እገሌ ካሴት አወጣ» ነበር የምንለው።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት የድሮ ዘፈን መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?
መልስ፦ ፋይሉ ደህና ነው፤ የኔ ቢጤ ሰው ሥራ ነው! ደንበኛ ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። የፊቱ ሠላሳ ደቂቃ ካለቀ ዘፈኑ አንገቱ ላይ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ ከተረፈኝ ደግሞ ክላሲካል ጣል አደርግበት ነበር። ያ ካሴት ነው በኋላ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ የተጫነው፤ ሽሽ የሚለው የቴፑ ድምፅ ሳይቀር። ድምፁ ቀጥኖ ከሰማህም ዘፋኙን አትማ፤ የተገለበጠበት ቴፕ ፈጥኖ ነው። ደግሞ ያው ደንበኛ ቆይቶ እዚያው ባንኮኒ ላይ ሚሞሪ ካርድ አስቀምጦ «የድሮዎቹን ጫንልኝ» ይለኝ ነበር። ዝርዝሩ እንኳ አልተለወጠም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዐረብ አገር ሳለች ድምጿን ቀርጻ የላከችው ካሴት አለኝ። እንዴት ላስቀምጠው?
መልስ፦ የዛሬዋ የቴሌግራም ቮይስ እናት ያቺ ካሴት ነች። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው፣ ማንም ላዩ ላይ አይቀዳበትም። ቀድመው ተሰብረው ወረቀት ተለጥፎባቸው ከሆነ ወረቀቱን ንቀዪው። የቴፑን ሄድ፣ ማለት ካሴቱን የምታነበውን ብረት፣ በአልኮል በነካካሽው ጥጥ ጥረጊና ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥነሽ መልሺው። ከዚያ አንዴ ስታጫውቺው ዝም ብለሽ አትስሚ፣ ስልክሽ ላይ ቅረጪው።