ቢያሸንፍስ? ለአንድ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ የቀረበ ውል

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። የእህቴ ልጅ 24 ዓመቱ ነው። በከባድ ሚዛን ቦክስ ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ ዘጠኙንም አሸንፏል። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ አነስተኛ ፕሮሞተር (የግጥሚያ አዘጋጅ) ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈርሟል። ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ ትልቅ ፕሮሞተር ደውሎ፣ ሪያድ ላይ ከአንድ ስመ ጥር ቦክሰኛ ጋር እንዲጋጠም ጠየቀው። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ስለተጎዳ ተተኪ ፈልገው ነው። የቀረው ጊዜ አምስት ሳምንት፣ ክፍያው 400,000 ዶላር ነው፤ ልጁ እስከ ዛሬ ያገኘው ትልቁ ክፍያ 25,000 ዶላር ነበር። 34 ገጽ ውል ልከው በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ስጡን ብለዋል፤ የገጾቹን ፎቶ አያይዣለሁ። እናቱ «ልጄን ገበያ አላወጣም» ትላለች፤ እሱ ሊፈርም ቸኩሏል። እኔ የማናጀርነት ፈቃድ የለኝም፤ ሻንጣውን የምይዘውና ስልኩን የማነሣው ግን እኔ ነኝ። ይፈርም ወይስ ይቅርበት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ቡጢውን ይችለው እንደሆነ አሠልጣኙን ይጠይቁ፤ የእኔ፣ የጠበቃው፣ ድርሻ ወረቀቱ ነው። ቤተሰቡ የሚጨቃጨቀው «ቢሸነፍስ?» በሚለው ላይ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ቢሸነፍ ውሉ በአብዛኛው እዚያው ያበቃል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ፊቱን በበረዶ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የውሉ ከባድ ክፍል የተጻፈው ቢያሸንፍ ለሚሆነው ነገር ነው። ከገጽ 17 እስከ 19 ያለውን ልጁ ዛሬ ማታ እንዳሸነፈ ሰው ሆኖ ያንብበው።

ለምን እንደምል አንድ ታሪክ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2001 ሀሲም ራህማን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወቅቱን ሻምፒዮን ሌኖክስ ሉዊስን በአምስተኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ማንም ያልጠበቀው ነገር ነበር። ወዲያው ፕሮሞተሩ ዶን ኪንግ ከተፍ አለ፤ በወቅቱ እንደተዘገበው 200,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ይዞ። ራህማን ከእርሱ ጋር ፈረመና ሉዊስን ወደ ጎን ትቶ ሌላ ሰው ሊጋጠም ተሰናዳ። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ፍልሚያ በፊት በፈረመው ውል ውስጥ፣ ሉዊስ ቢሸነፍ የመልስ ግጥሚያ ይገባዋል የሚል አንቀጽ ነበር። ሉዊስ ኒው ዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዳኛዋ ሚርያም ሴዳርባም፣ ራህማን ለሉዊስ የመልስ ግጥሚያ ሳይሰጥ ለ18 ወራት ከማንም ጋር እንዳይጋጠም አገዱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን እዚያው እርስዎ ከተማ ተገናኙ፤ ሉዊስ በአራተኛው ዙር ዘረረው። ያኔ ታክሲ ይነዱ ከነበረ የማንዳላይ ቤይን ደጃፍ ግርግር ያስታውሱት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልብ ይበሉ። ፍርድ ቤት ሰውን «ግባና ተደባደብ» ብሎ አያዝም። በአገራችንም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1776፣ የተዋዋዩን የግል ነጻነት የሚነካ ግዴታ በግድ እንዲፈጸም አይፈቅድም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ሌላውን በር ሊዘጋ ይችላል፦ «ከሌላ ሰው ጋር አትጋጠም» ይላል። መንገዱ የተከፈተው በቦክስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ውስጥ አንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ለአንዱ ቲያትር ፈርማ ለሌላው ልትዘፍን ስትል በተሰጠ ፍርድ ነው። ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ቦክሰኛ ግን ከዘፋኝ ይልቅ ይጎዳል።

አንዲ ሩዊዝ ደግሞ ይበልጥ የእርስዎን ልጅ ይመስላል፤ እሱም ተተኪ ነበር። የአንቶኒ ጆሹዋ ተጋጣሚ እንዲሆን የታሰበው ጃሬል ሚለር በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ወድቆ ሲወጣ፣ ሩዊዝ በአንድ ወር ገደማ ዝግጅት ጁን 1 ቀን 2019 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገብቶ ሻምፒዮኑን ጆሹዋን በሰባተኛው ዙር ጨረሰው። የመልሱ ግጥሚያ ሳውዲ አረቢያ፣ ዲሪያ ላይ ነው ሲባል ሩዊዝ «አሜሪካ ይሁንልኝ» አለ። የጆሹዋ ፕሮሞተር ኤዲ ሄርን፣ ቦታውን የመምረጥ መብት በውሉ የእኛ ነው ብሎ መለሰ። ሩዊዝ ዲሴምበር ላይ ዲሪያ ሄዶ በነጥብ ተሸነፈ። ለሽንፈቱ ውሉን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ ሦስት ወር ሲፈነጥዝ እንደከረመ ራሱ አምኗል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣም 15 ፓውንድ ገደማ ጨምሮ ነበር። ያም ሆኖ የሻምፒዮንነት ቀበቶ የታጠቀው ሰው የሚጋጠምበትን አገር መምረጥ አልቻለም።

አሁን ወደ እርስዎ ወረቀት ልምጣ። ገጽ 18 ልጁ ቢያሸንፍ ለመልሱ ግጥሚያ 500,000 ዶላር ይከፈለዋል ይላል። ያን ስመ ጥር ሰው በዓለም ፊት የጣለ ቦክሰኛ ዋጋው 500,000 ነው ብለው ያምናሉ? እኔ አላምንም፤ አዘጋጆቹም አያምኑም፤ ቁጥሩን አሁን የጻፉትም ለዚሁ ነው። ከተወሰነ ገንዘብ ይልቅ የገቢ ድርሻ ይጠይቁ፤ ካልሆነም 500,000ው መነሻ እንጂ መድረሻ አይሁን። የመልሱ ግጥሚያ በስንት ወር ውስጥ መደረግ እንዳለበትም ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ልጁ ነጻ ይውጣ።

ገጽ 19 ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ግጥሚያዎች ላይ መብቱ የፕሮሞተሩ ነው ይላል። በደረሰኝ ፎቶ ላይ የጊዜ ገደብ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው በሙሐመድ አሊ ስም የሚጠራው የፌዴራል የቦክስ ማሻሻያ ሕግ፣ «ከእኔ ቦክሰኛ ጋር መጋጠም ከፈለግህ የወደፊት ግጥሚያህን ስጠኝ» የሚለውን ዓይነት ግዴታ ከ12 ወር በላይ አያጸናውም። ያው ሕግ ፕሮሞተሩ ከግጥሚያው የሚያገኘውን ክፍያና ከቦክሰኛው የሚቀንሰውን ወጪ ለቦክሰኛው እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ሕጉ በመጣሱ ገንዘብ ያጣ ቦክሰኛም ራሱ መክሰስ ይችላል። ግጥሚያው ሪያድ በመሆኑ ግን «ሕጉ እዚያ አይደርስም» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ሕጉን ተማምነው አይተኙ፤ 12 ወሩን ውሉ ውስጥ በፊደል ያስጽፉ። ውሉ የሚገዛበት ሕግና ክርክር የሚሰማበት ቦታ ኔቫዳ እንዲሆን ይጠይቁ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። ልጁ ከአነስተኛው ፕሮሞተር ጋር ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። አዲሱ ውል ገጽ 6 ላይ ደግሞ «ከማንም ጋር የሚያግደኝ ውል የለብኝም» ብሎ ያረጋግጣል። ያን ከፈረመ ሐሰት ፈረመ ማለት ነው፤ ግጥሚያው ቢታገድ ኪሣራውን ከእርሱ ለመጠየቅ መንገድ ይከፍታል። ይህ ተረት አይደለም። ሜይ 2021 ላይ እንግሊዛዊው ሻምፒዮን ታይሰን ፉሪ ከጆሹዋ ጋር ኦገስት 14 ሳውዲ ላይ እንደሚጋጠም አወጀ። ብዙም ሳይቆይ የግልግል ዳኛው፣ ጡረተኛው ዳኛ ዳንኤል ዋይንስታይን፣ ፉሪ በቀድሞ ውሉ መሠረት ለአሜሪካዊው ቦክሰኛ ለዲዮንቴ ዋይልደር ሦስተኛ ግጥሚያ እንዳለበት ወሰኑ። የሳውዲው ፍልሚያ ቀረ። ጆሹዋ የዚያ ክርክር ተካፋይ እንኳ አልነበረም፤ ሴፕቴምበር ላይ ለንደን ውስጥ ከኦሌክሳንደር ኡሲክ ጋር ተጋጥሞ ቀበቶዎቹን አስረከበ።

እናም ከሁሉ አስቀድመው ወደ አነስተኛው ፕሮሞተር ይሂዱ። ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጥ። በነጻ አይሰጥም፤ ድርሻ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ከ400,000ው ላይ ይቀነሳል ወይስ አዲሱ ፕሮሞተር ከኪሱ ይከፍላል? ይህን አሁን ካልለዩት የሚከፍለው ልጁ ነው። አሠልጣኝ በተለምዶ 10 በመቶ ይወስዳል፤ የአሜሪካ ግብር ደግሞ ገንዘቡ ሪያድ ስለተገኘ ብቻ አይቀርም።

እናቱ እንዳለችው ቢቀርስ? ቬጋስ ላለ ሰው ስለ ቁማር አላስተምርም፤ እምቢ ማለትም ቁማር ነው። ዋይልደር በ2019 ዳዝን ከተባለው የስፖርት ማሰራጫ የቀረበለትን፣ ከጆሹዋ ጋር የሚያጋጥመውንና ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር የተዘገበውን ግብዣ አልቀበልም አለ። በዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ፉሪ በሰባተኛው ዙር አሸነፈው፤ ከጆሹዋ ጋር የመጋጠሙ ወሬም ቀዘቀዘ። ሞኝ ነበር አልልም፤ ከፉሪ ጋርም ብዙ አግኝቷል። ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በተቃራኒው የድብልቅ ማርሻል አርት ቀበቶውን ትቶ በ2023 ሲወጣ ብዙዎች ሳቁበት። ኦክቶበር ላይ ሪያድ ገብቶ ፉሪን በሦስተኛው ዙር መሬት አስነካው፤ የተሸነፈው በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ ነው። በሁለቱ መካከል እኔን እንደ ጠበቃ የሚስበኝ ልዩነት አንድ ነው፦ ንጋኑ ወደ ቦክስ የገባው የቀድሞ ውሉ እስኪያልቅ ጠብቆ ነው። ከኋላው ከሳሽ አልነበረም።

የእርስዎን ነገር ልተወው አልችልም። ሻንጣ መያዝ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስለ ክፍያ መደራደር ግን የማናጀር ሥራ ነው፤ በኔቫዳ ማናጀር ቦክስን ከሚቆጣጠረው የግዛቱ አትሌቲክ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ድርሻውም ከክፍያው ከሲሶ አይበልጥም። ከእህትዎ ልጅ አምስት ሳንቲም እንደማይወስዱ አምናለሁ። ቢሆንም ከእንግዲህ ስልኩ ሲጮኽ «ጠበቃው ያነጋግራችኋል» ብለው ይዝጉ።

ስለ ሕክምና ባጭሩ፦ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ሕግ ፕሮሞተሩ ለቦክሰኛው የጤና መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ሪያድ ላይ ይህን ውሉ ራሱ መናገር አለበት፤ ቢጎዳ ወደ አሜሪካ የሚመለስበትን ወጪ ጨምሮ። ስመ ጥሩ ቦክሰኛ ልምምድ ላይ ተጎድቶ ግጥሚያው ቢቀር ልጁ ስንት እንደሚከፈለውም የትም ገጽ ላይ አላየሁም።

ሰባ ሁለት ሰዓቱ አያስደንግጣችሁ። ቲኬት የሸጡት፣ አዳራሽ የተከራዩት፣ ተጋጣሚ የጎደላቸው እነርሱ ናቸው። የአምስት ቀን ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቁ። ክፍያውን ወደ 450,000 ከፍ አድርገው ገጽ 6 እና ከ17 እስከ 19 ያለውን እንዳለ ቢተዉት፣ እኔ አልፈርምም። ክፍያው 400,000 ሆኖ እነዚያ ገጾች ቢስተካከሉና የአነስተኛው ፕሮሞተር ፈቃድ ቢገኝ ግን፣ ለእህትዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ይፈርም እላለሁ።

እስከዚያው ልጁ በስልኩ የመጣለትን የፊርማ ማስፈንጠሪያ እንዳይነካ፤ «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» የሚል መልእክትም ለማንም እንዳይልክ፤ እሱም እንደ ውል ሊቆጠር ይችላል። የገጽ 19 ፎቶ ደግሞ የታችኛው መስመር ተቆርጧል፤ «ፕሮሞተሩ በራሱ ውሳኔ ይህን ጊዜ» ይልና ያቆማል። ቀሪውን ዛሬውኑ አንሥተው ይላኩልኝ።