መንገዱ ደጃችን ሲቆፈር፦ የዕድራችን ጥያቄዎችና መልሶቼ

እሁድ ከዕድር ስብሰባ ስወጣ አንድ እሽግ ወረቀት አስታቀፉኝ። «አንተ የመንገድ ሰው አይደለህ? መልስ ስጠና!» አሉኝ። እውነት ነው፣ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት ሳይት ላይ ብዙ ዓመት ውያለሁ፤ የሥራ ተቋራጩን ጠባይ አውቃለሁ። አሁን ግን እኔም እንደ እናንተው ጠዋት ጠዋት ከመስኮቴ ላይ አቧራ እጠርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲኖ ገልባጮቹ የሚመጡት እኛ ስንተኛ ነው። ሆን ብለው ነው?

መልስ፦ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ ጭነት መኪና በቀን የሰዓት ገደብ ስላለበት አፈር መድፋቱም ሆነ ከካባ ሰሌክት (ለመንገድ መሙያ የተመረጠ አፈር) ማምጣቱ ወደ ሌሊት ይገፋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ሥራ ቀንና ሌሊት በፈረቃ መሄዱን ለምደነዋል። ሹፌሩም ብዙ ጊዜ የሚታሰብለት በቢያጆ፣ ማለትም በምልልስ ነው፤ አንድ ምልልስ በጨመረ ቁጥር ኪሱ ይሞላል፣ ስለዚህ ይቸኩላል። «ቀይ ሽብር» የሚለው ስም ለሲኖ በከንቱ አልወጣም።

ሌሊቱን ሙሉ ይቁም ብንል የሚሰማን የለም። የሚሰማው ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ናት፦ ተራ ሲጠብቁ ሞተር ያጥፉ፣ ክላክስ አይንፉ፣ አፈር ከደፉ በኋላ የኋላውን በር አያንጓጉ፣ በውስጥ ኮብልስቶናችን አይግቡ። አራቱም ገንዘብ አያስወጡም፤ የስምሪት ኃላፊው አንድ ቀን ሹፌሮቹን ሰብስቦ ቢናገር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለድምፅ የተወሰነ ልክ አለ ወይስ እንደፈለጉ ነው?

መልስ፦ አለ። የአገራችን የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ይላል፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው። አስፋልት የሚሰብረው ጃክ ሀመር ደግሞ 15 ሜትር ላይ ሆናችሁ ወደ 90 ይደርሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ያህል ይቀንሳል፤ 60 ሜትር ላይ ያለ ቤት እንኳ 78 ገደማ ይሰማል ማለት ነው። ስለዚህ ጃክ ሀመር ከማታ 3 በኋላ አይሠራ ብሎ መጠየቅ ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይደለም። በሌሊት መሥራት ካለባቸው አፈር መጫን፣ ጠርዝ ድንጋይ መደርደር የመሳሰለውን ይሥሩ። በስልክ የሚለካ የድምፅ ልክ ለፍርድ ቤት አይሆንም፤ ለውይይት ግን ከ«እንቅልፍ አጣን» የተሻለ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለበት። አቧራውን እንዴት ልከላከል?

መልስ፦ መጀመሪያ ከምንጩ እንጀምር። መድኃኒቱ የውኃ ቦቴ ነው። በበጋ ፀሐይ የረጠበ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋት አንዴ ረጭቶ መጥፋት ማታለል ነው፤ በቀን ደጋግሞ መርጨት አለበት። ለምን አይረጭም? ለውኃው ብዙ ጊዜ ለብቻው ክፍያ የለውም፣ ከሌላው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። የቀረው ውኃ ለተቋራጩ ትርፍ ነው። ይህን የምለው ከውስጥ ስላየሁት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የተቆፈረው አፈር ሳይሆን ድንጋይና ኮንክሪት በደረቁ በግራይንደር ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ብናኝ ነው። ውስጡ ሲሊካ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ውኃ እያፈሰሱ እንዲቆርጡ ጠይቁ። ለቆራጮቹ ልጆችም ይጠቅማቸዋል፤ ከእኛ ይልቅ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ቤት ውስጥ ልጁን መንገድ ዳር ካለው ክፍል አውጡት። አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ደቃቁን አይዝም፤ ኤን-95 የሚባለው ጭምብል ይሻላል። ደግሞ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መስኮት ዘግቶ ከሰል አያይዞ ዕጣን እያጨሱ አቧራን መክሰስ አይሆንም። ቡናው በረንዳ ይውጣ። የሚነፋውን መድኃኒት ሳያልቅ ተኩ።

ጥያቄ፦ ሮለሩ ሲያልፍ ቤቴ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳዬ ተሰንጥቋል። ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በምቆጣጠረው ሥራ ላይ አንዲት እናት የጭቃ ቤታቸው መሰንጠቁን ነገሩን። እኛ «ድሮም የነበረ ነው» አልን። እሳቸው ምንም ሳይመልሱ ገብተው የልጃቸውን የመልስ ፎቶ ይዘው ወጡ። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያ ግድግዳ ደህና ነበር። ተቋራጩ ጠገነላቸው፤ እኔም አፈርኩ።

ሮለሩ ገና ያልደረሰበት ሁሉ ዛሬ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ አጥሩን ፎቶ ያንሳ። የተሰነጠቀውን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት፤ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ ይታያል። በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጀሶ ለጥፉ፤ ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ቤት አጠገብ የሮለሩ ንዝረት ጠፍቶ በክብደቱ ብቻ ደጋግሞ መጠቅጠቅ ይቻላል፤ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው የማይወዱት።

በሕግ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ድምፅና ንዝረትን ይከለክላል። ቁጥር 2069 ደግሞ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ግን የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። «መንገዱ ይለቅና እናያለን» እያላችሁ አታሳልፉት።

ጥያቄ፦ ለማን እናመልክት?

መልስ፦ ለሹፌሩ አይደለም። ፎርማኑ ለዕለቱ ችግር ይሆናል። ትልቁን ጉዳይ ሥራውን ለሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ በጽሑፍ አድርጉት፣ ክፍያ የሚፈርመው እሱ ነውና። ግልባጭ ለወረዳውና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ስጡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቱ። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ስለተጻፈ እሱንም ጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ሱቄ ፊት ጉድጓድ ነው፤ ገበያ ሞተ።

መልስ፦ ለቀረ ገበያ ካሳ ማግኘት ከባድ ነው። መሸጋገሪያ ድልድይ ግን ዛሬውኑ ጠይቅ፣ መብትህ ነው። የሽያጭ መዝገብህንም አትጣል።

ጥያቄ፦ ልጆች ጉድጓዱ ዳር ይጫወታሉ።

መልስ፦ ለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግም። ቀይና ነጭ ፕላስቲክ አጥር አይባልም። ሐሙስ ፎርማኑን ሄጄ አነጋገርኩት፤ እስከ ማታ ግማሹን በቆርቆሮ ከለለ። የቀረው ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች ያለው ነው። ቅዳሜ ጠዋት የዕድሩን የድንኳን ብረት ይዘን እንወርዳለን፤ መዶሻ ያለው ያምጣ።