የዋትኪንስ ግሌን የናስካር ውድድር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዋትኪንስ ግሌን በየዓመቱ ስለሚካሄደው የናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት) ውድድር ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ናስካር ማለት ሞላላ ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ መዞር አይደለም እንዴ? ይሄኛው በምን ይለያል?

መልስ፦ አብዛኛው ውድድር እንዳልከው ነው። ዋትኪንስ ግሌን ግን ኮረብታ ላይ የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የሚገኘው በኒውዮርክ ግዛት፣ ከሴኔካ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ነው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይታጠፋል፤ እንዲያውም የቀኙ ይበዛል። አንዱ ዙር 2.45 ማይል ነው፣ ወደ 3.9 ኪሎ ሜትር። እስከ 2025 ድረስ ውድድሩ 90 ዙር ስለነበር በድምሩ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆን ነበር።

አሁን መኪናውን አስብ። ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፣ ጉልበቱ እስከ 2025 ድረስ 670 የፈረስ ጉልበት ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ወደ 750 ከፍ ብሏል። ያንን ይዘህ ቁልቁል እየወረድክ ለመጀመሪያው የቀኝ ኩርባ ፍሬን ትይዛለህ። ትንሽ ከዘገየህ መስመሩን ስተህ ትወጣለህ። ቶሎ ከያዝክ ደግሞ ከኋላ ያለው በውስጥ በኩል ይገባብሃል። የሹፌሩ እጅና እግር ከዚህ በላይ የሚታይበት የናስካር ውድድር የለም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ማን ጀመረው? ትንሽ ከተማ ውስጥ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ቻለ?

መልስ፦ ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነው የጀመረው። በስፖርት መኪና ያበደ ወጣት ነበር። የከተማዋን ሰዎች አሳመነና ጥቅምት 2 ቀን 1948 በተራ መንገድ ላይ ውድድር ተካሄደ። አንዱ ዙር 6.6 ማይል ነበር። ከካውንቲው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ይነሳና በዋናው ጎዳና አልፎ ኮረብታውን ይወጣል። ከዚያ በጫካና በድልድይ በኩል ዞሮ ወደ ከተማ ይመለሳል። አስፋልትም፣ ሲሚንቶም፣ አፈርም ነበረበት። መንገዱ የባቡር ሐዲድ ስለሚያቋርጥ በውድድሩ ሰዓት ባቡሩ ቆመ! ያሸነፈው ፍራንክ ግሪስወልድ በአልፋ ሮሜዮ ነው። አርጌትሲንገር ራሱም በኤምጂ መኪናው ተወዳድሯል።

ሕዝቡ ግን በየዓመቱ እየበዛ ሄደ። ተመልካቹ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነበር የሚቀመጠው። በ1950 ሳም ኮሊየር የሚባል ተወዳዳሪ ሞተ። በ1952 ደግሞ አንዲት መኪና ተመልካቹን ገጭታ የ7 ዓመት ልጅ ሞተ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። የከተማው መንገድ ውድድር በዚያው አበቃ። ለጥቂት ዓመታት ከከተማ ወጣ ብሎ በገጠር መንገድ ላይ ተካሄደ። በ1956 ቋሚው ሰርኪዩት፣ ማለትም ለውድድር ብቻ የሚሆን ዙር መንገድ፣ ተሠራ። ንድፉ ላይ ከኮርኔል የመጡ መሐንዲሶች እጅ አለበት። ዛሬ የምናየው ቅርጽ ከዚያ የተወለደ ነው።

ጥያቄ፦ ናስካር መቼ ገባ?

መልስ፦ በ1957። ቋሚው ሰርኪዩት ከተከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ባክ ቤከር በሸቭሮሌ አሸነፈ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1964 ተመለሰና ቢሊ ዌድ አሸነፈ። ይህ ድል ለዌድ በተከታታይ አራተኛው ነበር፤ በናስካር ከፍተኛ ደረጃ አራት ተከታታይ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያሳዝናል፣ ስድስት ወር ሳይሞላ በዴይቶና ጎማ ሲሞክር ሕይወቱ አለፈ። በ1965 ማርቪን ፓንች በፎርድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለ21 ዓመት ናስካር ደብዛው ጠፋ።

ጥያቄ፦ 21 ዓመት ሙሉ ለምን?

መልስ፦ ያኔ ግሌን የፎርሙላ ዋን ቤት ነበር። ከ1961 እስከ 1980 የአሜሪካ ግራንድ ፕሪ እዚያ ነው የተካሄደው። በ1971 ሰርኪዩቱን ሲያድሱ ቡት የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል ጨመሩበትና ርዝመቱ ወደ 3.4 ማይል ገደማ ደረሰ። ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ሰው ሞተ፤ ፍራንሷ ሴቨር በ1973፣ ሄልሙት ኮይኒግ በ1974። ሁለቱም የመከላከያ ብረቱን ገጭተው ነው። በመጨረሻ ገንዘብም አለቀ፣ ፎርሙላ ዋን ሄደ፣ በ1981 ሰርኪዩቱ ከሰረ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊያበቃ ይችል ነበር። ካሊፎርኒያ የነበረውን ሪቨርሳይድ ተመልከቱ። የናስካር ዋናው የግራ ቀኝ ሰርኪዩት እሱ ነበር። ከ1988 በኋላ ፈርሶ የገበያ ማዕከል ሆነ። ግሌንን ከዚህ ዕጣ ያዳነው ጎረቤቱ ነው። በአቅራቢያው ያለው የኮርኒንግ ብርጭቆ ኩባንያ ከናስካር እህት ድርጅት ጋር ሆኖ በ1983 ገዛው። አድሰው በ1984 ከፈቱት። በ1986 ናስካር ተመለሰ፣ ቲም ሪችመንድ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የቀረው አንዴ ብቻ ነው፣ በ2020፣ በኮሮና ምክንያት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ባስ ስቶፕ የሚሉት ዚግዛግ ለምን ተሠራ? ፍጥነቱን ያበላሸዋል ባይ ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። ያ ዚግዛግ ኢነር ሉፕ ይባላል፤ ደም የተከፈለበት ነው።

ነሐሴ 11 ቀን 1991፣ ውድድሩ ገና አምስተኛ ዙር ላይ ነበር። ጄ ዲ ማክዳፊ የ52 ዓመት ሰው ነው። ትልቅ ስፖንሰር የለውም። መኪናውን በገዛ እጁና በጥቂት ረዳቶች እየጠገነ የሚወዳደር ሰው ነበር። በዋናው የናስካር ውድድር 653 ጊዜ ተነስቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። አንድም! ግን በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። በዚያን ቀን ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ የፊት ጎማው ተነቀለ። መኪናው ፍሬን አልያዝ አለ። በጎማ የተሠራውን መከላከያ ግድግዳ መትቶ ተገለበጠ። ማክዳፊ እዚያው ሞተ። ውድድሩ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከቀጠለ በኋላ ኧርኒ ኧርቫን አሸነፈ። ግን በዚያ ቀን ስለ ድል የሚያወራ አልነበረም።

በዚያው ኩርባ ከእሱ በፊትም ከባድ አደጋ ደርሶ ነበር። ለ1992 ውድድር ኢነር ሉፕ ተሠራ፤ መኪኖቹ ወደ ኩርባው ከመድረሳቸው በፊት ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ። ስለዚህ «አበላሸው» የሚለውን አልቀበልም። እንዲያውም ዛሬ ምርጥ ፉክክር የሚታይበት ቦታ ሆኗል። የጠርዙን ድንጋይ እየዘለለ የሚገባ መኪና ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ማነው?

መልስ፦ ቶኒ ስቱዋርት፣ አምስት ጊዜ (2002፣ 2004፣ 2005፣ 2007፣ 2009)። ጄፍ ጎርደን አራት። ማርክ ማርቲን ከ1993 እስከ 1995 በተከታታይ ሦስት። የ2007ቱን ጎርደን እስካሁን የሚረሳው አይመስለኝም። እየመራ ነበር። ሁለት ዙር ሲቀረው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ራሱ ተሽከረከረና ስቱዋርት አለፈው።

ከቡድን ደግሞ ሄንድሪክ ነው። ከ2018 እስከ 2023 የተካሄዱትን አምስት ውድድሮች በሙሉ ወሰደ፦ ቼስ ኤሊየት ሁለት፣ ካይል ላርሰን ሁለት፣ ዊሊያም ባይረን አንድ።

ጥያቄ፦ የሁልጊዜም ምርጡ ውድድር የቱ ነው ትላለህ? አንድ ብቻ!

መልስ፦ የ2012ቱ። ሳላመነታ።

ሊያልቅ ሲል የቦቢ ላቦንቴ መኪና ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ዘይቱ በሰርኪዩቱ ተረጨ። ሁሉም ፍጥነት እንዲቀንስ የሚያዘው ቢጫ ባንዲራ ይወጣል ብሎ ሁሉም ጠበቀ፣ አልወጣም። በመጨረሻው ዙር ካይል ቡሽ እየመራ፣ ብራድ ኬሰላውስኪ ሁለተኛ፣ አውስትራሊያዊው ማርከስ አምብሮስ ሦስተኛ ሆነው ገቡ። ቡሽ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተንሸራተተ። ወደ ዳገቱ ሲወጡ ኬሰላውስኪ ነካውና ቡሽ ተሽከረከረ። ከዚያ ሁለቱ ቀሩ። ዘይት ላይ እየተንሸራተቱ፣ ሣር እየረገጡ፣ እየተገፋፉ አንዴ አንዱ አንዴ ሌላው ይመራል። መጨረሻ ላይ አምብሮስ ወጣ። ዓመቱን አሸናፊ ሆኖ የጨረሰው ኬሰላውስኪ ነው። ያን ቀን ግን ተሸነፈ፣ ከመኪናው ሲወርድ ግን ፊቱ ፈገግታ ነበር። ባንዲራ መውጣት ነበረበት የሚሉ አሉ። ከደህንነት አንጻር እውነት አላቸው። እኔም ዛሬ ቢሆን ይውጣ እላለሁ። ፉክክሩ ግን አቻ የለውም።

ሁለተኛ ምረጥ ብትሉኝ የ2024ቱን እመርጣለሁ። በተጨመሩት ዙሮች፣ በመጨረሻው ዙር፣ ክሪስ ቡሸር ሼን ቫን ጊስበርገንን እዚያው ባስ ስቶፕ አካባቢ ቀድሞ አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ቼስ ኤሊየት እዚህ ሲያሸንፍ ሰው ለምን እንደዚያ ጮኸ?

መልስ፦ በ2018 ያሸነፈው የመጀመሪያ ድሉ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። የሚገርመው አባቱ ቢል ኤሊየትም ስምንት ጊዜ ሁለተኛ ከወጣ በኋላ ነው በ1983 የመጀመሪያውን ያሸነፈው፤ እሱም በግራ ቀኝ ሰርኪዩት፣ በሪቨርሳይድ! ልጁ መስመሩን እንዳለፈ ነዳጅ ጨረሰ። ጂሚ ጆንሰን በመኪናው ከኋላ እየገፋ መለሰው።

ጥያቄ፦ በዝናብ ይነዳሉ?

መልስ፦ አዎ፣ በዝናብ ጎማ። የ2022ቱ ውድድር የተጀመረው በእርጥብ መንገድ ነው። ድሮ ግን ይቆም ነበር። በ2009ም በ2011ም ከእሑድ ወደ ሰኞ ተዛውሯል።

ጥያቄ፦ እኔ መካኒክ ነኝ። አዲሱ መኪና ከድሮው በምን ይለያል? እዚህ ሰርኪዩት ላይ ለውጥ አምጥቷል?

መልስ፦ በጣም። ከ2022 በፊት ካምቢዮው አራት ማርሽ ነበር፣ እንደ ድሮ መኪና። ሹፌሩ ማርሽ በቀነሰ ቁጥር የሞተሩን ዙር በእግሩ ማስተካከል ነበረበት። ካበላሸው የኋላ ጎማው ይዘልልበታል፣ ወይ ካምቢዮው ይበላል። አዲሱ አምስት ማርሽ ነው፣ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ብቻ ትገፋዋለህ። ካምቢዮው ኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተቀምጧል። የኋላ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ጎማው የሚታሰረው በአምስት ዳዶ ሳይሆን በአንድ ትልቅ ዳዶ ነው።

ውጤቱን ላንተ ልተወው አልችልም፣ አስተያየት አለኝ። መኪናው ለመንዳት ቀለለ፣ ስለዚህ ሁሉም ተቀራረበ። የተቀራረበ መኪና ደግሞ መቅደም ከባድ ነው። የድሮው ሹፌሩን ያሳስት ነበር፣ ስህተት ደግሞ ፉክክር ይወልዳል። ቶሎ የሚያልቅ ለስላሳ ጎማ ሲያመጡ ነገሩ ይሻሻላል። የ2024ቱ አንዱ ማሳያ ነው።

ጥያቄ፦ ከሌላ ውድድር የሚመጡ የሰርኪዩት ባለሙያዎች ለምን በቀላሉ አያሸንፉም ነበር?

መልስ፦ ሞክረዋል። ካናዳዊው ሮን ፌሎውስ በ1999ም በ2004ም ሁለተኛ ወጥቷል። በ2004 የተነሳው ከመጨረሻው ረድፍ ነበር! ችግራቸው ችሎታ አልነበረም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚመጡት። መኪናውን፣ በውድድሩ መሐል ጎማ የሚቀይረውንና ነዳጅ የሚሞላውን የፒት ቡድን፣ የናስካርን የመገፋፋት ባህል በደንብ አያውቁትም። አዲሱ መኪና ከሚያውቁት ጋር ሲቀራረብ በሩ ተከፈተ። ኒውዚላንዳዊው ቫን ጊስበርገን በ2023 ቺካጎ ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈ። በ2025 ደግሞ ግሌንን ወሰደ። ለዚያ ዓመት አራተኛ ድሉ ነበር።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ዲሲ ከጓደኞቼ ጋር ለመሄድ አስበናል። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ በመኪና ከአምስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ቅዳሜ ሂዱ። የቅዳሜው አነስተኛ ውድድር ራሱ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ኩርባ አካባቢ ተቀመጡ፣ ብዙ ነገር የሚሆነው እዚያ ነው። የጆሮ መከላከያና የዝናብ ልብስ አትርሱ። ጊዜ ካላችሁ የ1948ቱን መንገድ ንዱበት፣ ዛሬም ለሁሉም ክፍት የሆነ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ከወጣቶቹ ማንን እንከታተል?

መልስ፦ ኮነር ዚሊሽን። በ2024 በግሌን የቅዳሜውን ውድድር በመጀመሪያ ሙከራው አሸነፈ። በ2025ም ደገመ። ግን ደስታውን ሊገልጽ መኪናው ላይ ሲወጣ አዳልጦት ወደቀ፣ የአንገት አጥንቱም ተሰበረ። ገና 19 ዓመቱ ነበር። አሁን ከቫን ጊስበርገን ጋር በአንድ ቡድን፣ በትራክሃውስ ውስጥ ነው። ሁለቱ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ጎን ለጎን ሲወርዱ ማን ፍሬን ቀድሞ እንደሚይዝ ለማየት በጣም ጓጉቻለሁ።