ፌሬት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በሐኪም ረዳትነት እሠራለሁ። ከውሻና ከድመት ሌላ ጥንቸል፣ ወፍና ፌሬት ይመጣልናል፤ እኔም ቤቴ ውስጥ ፌሬት አሳድጋለሁ። ልጆቻቸው ቪዲዮ አይተው “ግዙልን” ያሏቸው ወላጆች ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ ብዬ ነበር። እንስሳውን ከልቤ እወደዋለሁ። ቢሆንም ከሚያማክሩኝ ሰዎች ለአብዛኞቹ “ለጊዜው ይቅርባችሁ” ነው የምላቸው፤ ለምን እንደሆነ ከመልሶቹ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ለመሆኑ ምን ዓይነት እንስሳ ነው? እናቴ ፎቶውን አይታ “ይሄማ ሽልምጥማጥ ነው፣ ዶሮ ጨራሽ!” አለችኝ።

መልስ፦ ወገኑ ሌላ ነው፤ ዶሮን በተመለከተ ግን እናትህ አልተሳሳቱም፣ ካገኘ አይምርም። ፌሬት ቀጭን፣ ረዘም ያለ ትንሽ ሥጋ በል ነው፤ የዱር እንስሳ ግን አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ካለ የዱር ዘመዱ ተላምዶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው ያላመደው ጥንቸል ከጉድጓዷ እንዲያስወጣለት ነበር፤ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ዛሬም ለዚሁ ሥራ የሚያሳድጉት አሉ። ወንዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ታንሳለች። ጠባብ ቀዳዳ ካየ ሳይገባ አያልፍም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ጓደኛው ቤት አይቶ ከመጣ ወዲህ እረፍት ነስቶኛል። “እኔው ነኝ የምንከባከበው” እያለ ይምላል። ልግዛለት?

መልስ፦ እናት ዓለም፣ ልጅሽ አሁን የሚናገረው ከልቡ ነው። ነገር ግን ፌሬት ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ልጅሽ 17 ሲሞላው ፈተናው፣ ኳሱ፣ ጓደኛው፣ ከዚያም ኮሌጁ ይመጣል። ያን ጊዜ ኬጁን (የሽቦ ቤቱን) የሚያጸዳው፣ ሐኪም ጋ የሚወስደው ማን ነው? አንቺ ነሽ። የልጁ ፍላጎት ቢበርድ፣ ይህን እንስሳ እስከ ዕለተ ሞቱ አሳድገዋለሁ ካልሽ ግዢ። ይህን ለማለት ካመነታሽ አትግዢ። ሼልተር (ባለቤት ያጡ እንስሳት መጠለያ) የሚገቡት ፌሬቶች አብዛኞቹ ጥፋት አላጠፉም፤ የወደዳቸው ልጅ ስላደገ ብቻ የተሰጡ ናቸው።

ውሎው ምን እንደሚመስልም ልንገርሽ። ከ24 ሰዓቱ ከ14 እስከ 18ቱን ይተኛል። እንቅልፉ ከመክበዱ የተነሳ አንስተሽው እንኳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል እንጂ ቶሎ አይነቃም፤ “ሞተብን” ብለው እየሮጡ ክሊኒክ የመጡ አዲስ ባለቤቶች አይቻለሁ። ሲነቃ ግን ጀርባውን አጉብጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ወደ ጎን እየዘለለ ከሶፋውም ከግድግዳውም ጋር ይላተማል፣ “ኩክ ኩክ ኩክ” ይላል። የደስታው ጭፈራ ነው፣ እኔ እስከዛሬ አይቼ አልጠገብኩትም። ለዚህ ደግሞ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ከኬጁ ወጥቶ፣ ሰው እያየው መሮጥ አለበት። በየቀኑ፣ በዓልም ይሁን ፈተና።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ደግሞ ታክሲ እነዳለሁ። ብዙ ይተኛል ስላሉኝ ለእኔ የሚመች መሰለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይመችህም። እንቅልፉን ካንተ ሰዓት ጋር ማስማማቱን ጥሩ ይችልበታል፤ ግን አንተ የምትገባው ለመተኛት ብቻ ከሆነ የሚነቃው ለማን ነው? ኬጅ ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ፌሬት ሽቦ ይነክሳል፣ ይቆዝማል። አንዱን ሥራ የምትተው ቀን ጻፍልኝ፣ ያኔ ደስ እያለኝ አማክርሃለሁ።

ጥያቄ፦ ሽታው እንዴት ነው? እንግዳ የሚበዛበት ቤት ነው ያለን፣ ቡና በየቀኑ ይፈላል።

መልስ፦ ይሸታል። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ተኮላሽተው፣ ከፊንጢጣቸው አጠገብ ያሉት የሽታ ዕጢዎችም ወጥተውላቸው ነው የሚመጡት። ሻጮች “ሽታ የለውም” የሚሉት በዚህ ነው፤ የዘወትር ጠረኑ ግን ከቆዳው ቅባት ስለሆነ አይጠፋም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ በየሳምንቱ ማጠብ ይጀምራሉ፣ ያን ጊዜ ይብስበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ ለማካካስ ተጨማሪ ቅባት ያመነጫል። በወር ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቡት። ሽታውን የሚቀንሰው የሚተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ ማጠብና ሊተሩን (የሚጸዳዳበትን ሳጥን) በየቀኑ ማጽዳት ነው። በሊተር መጠቀም ይለምዳል፣ ግን እንደ ድመት ጥንቁቅ አይደለም፤ ጥግ ካገኘ እዚያው ይጨርሳል። ካርፔታችሁን የምትሳሱለት ከሆነ አስቡበት።

ለቡናውም፦ የዕጣንና የመቁያ ጭስ የትንሽ እንስሳን መተንፈሻ ስለሚያስቆጣ ኬጁ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ አይሁን።

ጥያቄ፦ ከእኛ ማዕድ ምን ይበላል?

መልስ፦ ምንም ብትሉ ይሻላል። ሥጋ በል ብቻ ነው፤ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ፍራፍሬውን አንጀቱ አይችለውም። ወጥ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት መርዙ ነው። የበላው በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚወጣ፣ ምግቡ ቀኑን ሙሉ ፊቱ መኖር አለበት። ለፌሬት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከሥጋ የተሠራ ደረቅ ምግብ ግዙ፤ ፕሮቲኑ ከ35 በመቶ የማያንስ፣ የመጀመሪያው ግብዓት ሥጋ መሆኑን ከረጢቱ ላይ አንብቡ። በጾም ወራት ቤታችሁ ሥጋ ማስገባት ለማትፈልጉ ይኸው ደረቅ ምግብ ይበቃል። በአትክልት ላሳድገው ብላ የጠየቀችኝ እህት ነበረች፤ አይሆንም፣ ይሞትብሻል።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነኝ። እዚህ ሱቅ ውስጥ አጣሁ፣ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ አታምጪ። ካሊፎርኒያ ፌሬትን እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ከልክላለች፤ ሃዋይም እንዲሁ። ኒው ዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1999 ከልክላ፣ በ2015 እገዳው ይነሳ ተብሎ ድምፅ ተሰጥቶበት አላለፈም። ከኔቫዳ ደብቀው የሚያስገቡ አሉ፤ በኋላ ሲታመም ሐኪም ጋ ለመውሰድ ይፈራሉ፣ የሚጎዳው እንስሳው ነው። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይፈቀዳል፣ ግን ተከራይ ከሆናችሁ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። “ውሻና ድመት ይፈቀዳል” ማለት ፌሬት ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው፤ አንድ ሰው ሴት ፌሬት በነፃ ልስጥሽ አለኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ተኮላሽታ (የዘር ዕጢዋና ማህፀኗ ወጥተው) እንደሆነ ጠይቂ። እናንተ ጋ እንደ አሜሪካ ሳይኮላሹ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ሴት ፌሬት ወንድ መፈለግ ከጀመረች ከወንድ ካልተገናኘች በስተቀር አይበርድላትም፤ ሆርሞኑ ለሳምንታት ሲከማች የአጥንት መቅኒዋ ደም ማምረቱን ያቆማል፣ ትሞታለች። ሐኪሙ በመርፌ ወይም ቆዳ ሥር በሚቀበር መድኃኒት ይከላከለዋል። ሳትዘገዪ፣ ከጸደይ በፊት ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ወጪውስ? እንስሳውን በ200 ዶላር አካባቢ አየሁት።

መልስ፦ የመግዣው ዋጋ ትንሹ ነው። ቀዳዳ ያልኩትን አስታውሱ፤ ፌሬት የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የሚያገኘውን ጎማና ስፖንጅ ያኝካል፣ ይውጣል። ክሊኒክ የመጣ አንድ ፌሬት ነበር፤ ከአንድ ቀን በላይ አልበላም፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ሆዱን ስንነካው ይሸማቀቃል። በቀዶ ጥገና ከአንጀቱ የወጣው የልጆች እርሳስ ላጲስ ቁራጭ ነው፣ ከጥፍሬ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና እዚህ በቀላሉ ከሺህ ዶላር ያልፋል። የጆሮ ማዳመጫ ጎማ፣ የሪሞት ቁልፍ፣ የጫማ ሶል፣ ሁሉም ከወለል ይነሳ። ሶፋውንም ከሥሩ ዝጉት፤ ተዘርጊ ሶፋ ውስጥ ገብቶ የተጨፈለቀ አይቻለሁ።

ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለት በሽታ ይበዛባቸዋል። አንዱ የአድሬናል (ኩላሊት አጠገብ ያለ ሆርሞን አመንጪ) ዕጢ በሽታ ነው፣ ከጅራቱ ጀምሮ ፀጉሩ ይረግፋል። ሌላው የቆሽት ዕጢ ነው፣ ስኳሩን ያወርድበታል፦ የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ትኩር ብሎ ይቀራል። እንዲህ ካያችሁት ጥቂት ማር ድዱ ላይ ቀቡና ወዲያው ሐኪም ጋ ሩጡ። ክትባቱም አይረሳ፤ የእብድ ውሻና የዲስቴምፐር (ከውሾችም የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ)። ዲስቴምፐር የያዘው ፌሬት አይተርፍም ብላችሁ ቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ስምንት ወር የሞላት ሕፃን አለችን። ይናከሳል?

መልስ፦ ግልገሉ ይናከሳል፣ በጨዋታ ነው፤ በትዕግሥት ይተዋል። የሕፃን ጣት ግን የወተት ሽታ አለው፣ እሱ ደግሞ የሚቀምሰው በጥርሱ ነው። ከሕፃን ጋር ለደቂቃ እንኳ ብቻውን አይተውም። እኔ ብሆን ልጅቷ ስድስት ሰባት ዓመት እስክትሞላ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ከሰው ይይዘዋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ኢንፍሉዌንዛ ይይዘዋል፣ እሱም ለሰው ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተገኘው የታመመ ሰው ጉሮሮ እጣቢ ፌሬቶች አፍንጫ ውስጥ ተጨምሮ ነው። ያመማችሁ ሰሞን ሌላ ሰው ይመግበው፣ ካልሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ክረምቱን አዲስ አበባ ነን። ማን ጋ እንተወው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። የውሻ ማቆያዎች ብዙዎቹ ፌሬት አይቀበሉም። የሚያውቀው ሰው ቤት ነው የሚሻለው፣ ያም ሰው አየር ማቀዝቀዣ ያለው መሆን አለበት፤ እናንተ በማትኖሩበት በሐምሌና ነሐሴ የዚህ አገር ሙቀት ያይላል፣ ፌሬት ደግሞ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በሙቀት ይወድቃል። ሰው ካላገኙ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አንብቤ አሁንም እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እንግዲያው ሱቁን ተዪውና ሼልተር ሂጂ፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው ፌሬት ጠይቂ። መናከሱን የተወ፣ ሊተሩን የለመደ ታገኛለሽ። አብረው ያደጉ ጥንድ ካሉ አትለያያቸው። ከመውሰድሽ በፊት ፌሬት የሚያይ ሐኪም በአቅራቢያሽ መኖሩን ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ፤ ውሻና ድመት ብቻ የሚያዩ ብዙ ናቸው። ከዚያ እዚያው ሼልተሩ ወለል ላይ አንድ ሰዓት አብረሽው ተቀመጪ፣ ቅዳሜም ሌላ ቀንም ተመላለሺ። ልብስሽ ላይ የቀረውን ጠረን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ፣ አብሮሽ የሚኖረውም ሰው ያሽትተው።