ሃልሽታት ከፎቶው ውጪ

«ሃልሽታት ከሚያምር ፎቶ ውጪ ምን አላት?» ላልከው፣ ጨው አላት ወንድሜ! ይህች ትንሽ የኦስትሪያ መንደር በዳክሽታይን ተራሮችና በሐይቁ መሃል ተጣብቃ ነው ያለችው። እስከ እ.ኤ.አ. 1890 ድረስ በጀልባ ወይም በቀጭን የእግር መንገድ ካልሆነ አትደርስባትም ነበር።

ከበላይዋ ባለው ተራራ ውስጥ ግን ሰዎች ከ3,000 ዓመት በፊትም ጨው ይቆፍሩ ነበር። እዚያ የተገኘው የእንጨት ደረጃ ከ3,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጨው ስለጠበቀው አልበሰበሰም። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። በ1846 ራምሳወር የተባለ የማዕድኑ ኃላፊ ጥንታዊውን የመቃብር ስፍራ መቆፈር ጀመረ። የአውሮፓ የመጀመሪያው የብረት ዘመን ባህልም በዚህችው መንደር ስም ይጠራል። በ1997 አካባቢው በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከሄድክ ሐይቁ ዳር ብቻ ፎቶ ተነስተህ እንዳትመለስ፣ ማዕድኑ ውስጥ ግባ።