ከመዝገብ ቤት ሰነድ ለምትጠይቁ ወጣቶች

ይድረስ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወረዳዎች ለምትኖሩ ወጣቶች፤

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በዚህችው በጅማ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ በመመዝገብና ማህደር በማደራጀት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የአያታቸውን የቤት ማህደር፣ የአባታቸውን የቅጥር ደብዳቤ፣ አንዳንዶቹም በሰፈራቸው የተሠራን መንገድ ውል የሚፈልጉ ወጣቶች ሊያማክሩኝ ይመጣሉ። አብዛኞቹ «ሄደን ጠየቅን፣ የለም ተባልን» ይሉኛል። ምን ብለው እንደጠየቁ ሲነግሩኝ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄያቸው ሠራተኛው ከየትኛው መደርደሪያ ምን እንደሚያወርድ አያመለክትም፤ የጠየቁትም በቃል ስለሆነ መጠየቃቸውን የሚያሳይ አንድም ወረቀት በእጃቸው የለም። ስለዚህ ሰነዱን በመለያው ለይቶ መጠየቅና ጥያቄውን በገቢ መዝገብ ማስመዝገብ እንዴት እንደሆነ፣ እስከማውቀው ድረስ ልጽፍላችሁ ወድጃለሁ።

አስቀድሞ መብታችሁን እወቁት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ይጠብቃል። ይህ በዝርዝር የተደነገገው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲወጣ ስለ ጋዜጦችና ስለ ማሠራጫዎች የነበረው ክፍል ተተካ እንጂ መረጃ ስለማግኘት የተደነገገው ክፍል አልተሻረም። አንዳንድ ኃላፊ «ያ አዋጅ ተሽሯል» ቢላችሁ ይህን ልዩነት በትሕትና አስረዱት። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ መጠየቅ፣ ማግኘትና ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል፤ የማይሰጡት በሕጉ ተለይተው የተጻፉት ብቻ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄውን የሚቀበል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲኖረው፣ ምላሹም በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ታዟል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ሲጠይቅ ጥያቄውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ የኃላፊው ነው። ይህን የምነግራችሁ ያልተማሩ እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ከበር እንዳይመለሱ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ማህደር የሚገኘው በመለያው ነው። መለያ ማለት የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የባለጉዳዩ ሙሉ ስም፣ እንደ ጉዳዩም የቀበሌና የቤት ቁጥር ነው። በጅማ ይህ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቶቹም ስሞቹም ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። ከተማችን በንጉሡ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን ደግሞ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ በራስጌው «ከፋ» የሚል ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ «ይህማ የእኛ አይደለም» ብሎ የገዛ አያቱን ሰነድ አልፎት ይሄዳል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን ነው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ የቤት መዝገብ መያዝ የጀመሩት። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ስለተሰጡ አንድ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ማህደራቸው በሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሊገኝ ይችላል። የምትፈልጉት ቤት የቀድሞ ኪራዩ ስንት እንደነበር አንድ አዛውንት ጎረቤት ቢያስታውስላችሁ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

የቀበሌዎች አወቃቀርም እንዲሁ ተለዋውጧል። ዛሬ ሄርማታ፣ መንደራ ወይም ቦሳ የምትሉት ሰፈር በድሮው ማህደር ላይ በቁጥር ብቻ ተጽፎ ይሆናል፤ የድሮው ቁጥር ደግሞ ከዛሬው የቀበሌ ወሰን ጋር ላይገጥም ይችላል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ ነው። ቤተሰቦቻችሁ በሣጥን ውስጥ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡትን ቢጫ ደረሰኝ አውጥታችሁ እዩት፤ የከፋዩ ስም፣ የበጀት ዓመቱ፣ ብዙ ጊዜም የቀበሌውና የቤቱ ቁጥር አለበት። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያልቅም አትርሱ። የሰኔ ደብዳቤና የሐምሌ ደብዳቤ በቀን ቢቀራረቡም እኔ በሠራሁባቸው መዝገብ ቤቶች በሁለት የተለያዩ ዓመታት ማህደር ውስጥ ነበር የሚቀመጡት።

ስለ ስም ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። በአካባቢያችን ብዙ አባቶች ከመጠሪያ ስማቸው ይልቅ የሚታወቁት «አባ» በሚለው የክብር ስማቸው ነው። ጎረቤት ሁሉ አባ ቢያ የሚላቸው ሰው በመዝገብ ላይ በልጅነት ስማቸው ተጽፈው ይሆናል፤ ወይም በተገላቢጦሹ የክብር ስማቸው ብቻ ገብቶ የአባት ስም ሳይጻፍ ይቀራል። መሐመድ የሚለው ስምም እንደ ጸሐፊው በሐመሩ «ሐ»፣ በሃሌታው «ሀ» ወይም ሙሐመድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የስም ዝርዝር በፊደል ተራ በተደረደረበት መዝገብ ውስጥ የ«ሐሰን» ማህደር ከ«ሀ» ተራ ታጣ ማለት የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ የሚታወቁትን የአጻጻፍ ዓይነቶችና የክብር ስሙን ጭምር ጻፉ፤ ሠራተኛውም በሁሉም ተራ እንዲፈልግ በአክብሮት ጠይቁት።

የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻችሁን በአፋን ኦሮሞ ብታቀርቡ ጉዳያችሁ ሳይጓተት ይሄዳል፤ የማትችሉም ቋንቋውን ከሚያውቅ ጓደኛ ጋር ሆናችሁ ጻፉት። የድሮው ማህደር ግን በአማርኛ፣ አንዳንዱም በእጅ ጽሑፍ ወይም በካርቦን በደበዘዘ የታይፕ ጽሑፍ ነው። በቁቤ ተምራችሁ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ማንበብ ሊያዳግታችሁ ይችላል፤ በአማርኛ ብቻ ያደጋችሁትም አዲሱን ሰነድ ማንበብ ይቸግራችኋል። ሁለታችሁ አብራችሁ ብትሄዱ አንድ ማህደር ከመጀመሪያው ገጹ እስከ መጨረሻው ይነበብላችኋል፤ እንዲህ ሲደጋገፉ ያየኋቸውን ወጣቶች ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማመልከቻው አጻጻፍ አጭር ይሁን። ከላይ በቀኝ ቀኑ፣ ቀጥሎ ሰነዱን የያዘው ጽሕፈት ቤት ስም፣ ከዚያ «ጉዳዩ» ብላችሁ በአንድ መስመር የምትፈልጉት ነገር ይጻፍ። በአንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ብቻ አንሡ። ለምሳሌ በሰፈራችሁ የተነጠፈው የኮብልስቶን መንገድ ቶሎ ፈርሶ ምክንያቱን ማወቅ ብትፈልጉ «ስለ መንገዱ መረጃ ይሰጠን» ብላችሁ ብትጽፉ የሚሰጣችሁ የቃል ማብራሪያ ነው። ይልቁንም ከዚህ ቦታ እስከዚያ ቦታ፣ በዚህ በጀት ዓመት የተሠራውን መንገድ የሚመለከት የውል ስምምነት፣ የክፍያ ሰርተፊኬትና የጊዜያዊ ርክክብ ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይሰጠን ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ሦስቱ በየራሳቸው የተጻፉ፣ ቀንና ፊርማ ያለባቸው ወረቀቶች ናቸው። ውሉ ምን ሊሠራ እንደታሰበ፣ ሰርተፊኬቱ ለምን ያህል ሥራ እንደተከፈለ፣ ቃለ ጉባኤውም ሥራውን ማን አይቶ እንደተረከበ ያሳያሉ። ሮሮ፣ ወቀሳና ግምት በዚህ ማመልከቻ ውስጥ አታስገቡ፤ ቅሬታ ካላችሁ ሰነዱን ካያችሁ በኋላ ለብቻው ይጻፋል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የመዝገብ ቤቱ ማህተም እንዲደረግበት ጠይቁ። ይህ የሠራተኛው ውለታ ሳይሆን የዕለት ሥራው ነው። ብዙዎች ማመልከቻቸውን በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ያስገባሉ፤ ኃላፊውም «ይታይላቸው» ብሎ ይመራበትና ወረቀቱ በገቢ መዝገብ ሳይገባ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይጠፋል። 30 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚያስረዳላችሁ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ስለሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ስትመላለሱም ስማችሁን ሳይሆን ቁጥሩን ነግራችሁ ጠይቁ። ዓርብ ቀን ለጁምዓ ሶላት ቢሮው ከ5፡30 እስከ 7፡30 እንደሚዘጋ፣ በሰኔ መጨረሻም የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ የፋይናንስ ሰነድ የሚያወርድላችሁ ሰው እንደማታገኙ አስባችሁ ሂዱ። በጅማ ክረምት ደግሞ ወረቀታችሁን ዝናብ በማያስገባ ፕላስቲክ ያዙ።

«ማህደሩ ጠፍቷል» ብትባሉ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ይህንኑ በደብዳቤ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ፤ «ጠፍቷል» ብሎ በፊርማው ከማረጋገጡ በፊት ተመልሶ መደርደሪያውን ያላየ ሰው በሥራ ዘመኔ ያጋጠመኝ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ከዚያ ጉዳይ ጋር የተያያዘ አንድ ደብዳቤ በቤታችሁ ካለ ግርጌውን አንብቡ። «ግልባጭ» ከሚለው በታች የተዘረዘሩት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ያንኑ ደብዳቤ ተቀብለው በየራሳቸው ገቢ መዝገብ አስገብተውታል። ከማዘጋጃ ቤት የጠፋ የቦታ ውሳኔ በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ወይም በቀበሌው ማህደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በቦታው ላይ ክርክር ተነሥቶ ከነበረም የፍርድ ቤቱ መዝገብ የማስረጃዎቹን ቅጂ ስለሚይዝ የመዝገብ ቁጥሩን አፈላልጉ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ ለሚፈልጉ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት ላለው የቀበሌውን የቤተሰብ ቅጽ ማየት ያስፈልጋል።

የማይሰጡ ሰነዶችም አሉ። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የነጋዴ ምስጢር፣ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይና የአገር ደኅንነትን የሚመለከት ነገር በሕጉ የተጠበቁ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብን መረጃ ይበልጥ ስለሚጠብቅ የጎረቤታችሁን ማህደር ያለ ውክልና ብትጠይቁና ብትከለከሉ ሠራተኛው አልበደላችሁም። የሟች ወላጅ ሰነድ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ።

ተገቢ ባልሆነ ምክንያት ከተከለከላችሁ፣ ወይም ቀኑ አልፎ መልስ ካጣችሁ፣ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። እንባ ጠባቂ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው፤ አቤቱታ የሚቀበለውም ያለ ክፍያ ነው። ማመልከቻችሁን በቁጥር አስመዝግባችሁ ከነበረ እዚያ ስትደርሱ የምታያይዙት ሁሉ በእጃችሁ ነው። «ቶሎ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ወይም እጅ መንሻ የሚጠብቅ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ግን እባካችሁ ራቁት። በዚያ መንገድ የሚገኝ ሰነድ ከማህደሩ ጋር የማይገጥም ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂ የሚሆነው ያቀረበው ሰው ነው፤ በዚህ የተነሣ ቤታቸውን ያጡ ቤተሰቦች አውቃለሁና ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ቅጂው ሲሰጣችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ገጽ በገጽ ተመልከቱት። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚለው ማህተም፣ የሰጪው ስምና ፊርማ፣ ቀኑም መኖሩን፣ በጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ እሱም አብሮ መገልበጡን አረጋግጡ፤ በድሮ ማህደሮች ላይ የኃላፊው ውሳኔ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚጻፈው ከደብዳቤው ጀርባ ነበር። የኮፒ ክፍያ ከጠየቋችሁ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የሰጧችሁን ሸኚ ደብዳቤ ወጪ ቁጥር ከማመልከቻችሁ የገቢ ቁጥር ጎን ጻፉት፤ ሁለቱን አንድ ላይ በአንድ ማህደር አድርጋችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ።